ከፍራጂ እጅ

የመፍጫው ክዳን በደንብ አልገጠመም ኖሮ፣ ዘሃቫ ቁልፉን ስትጫነው የተቀቀለው ባሮ ሽንኩርት ተፈናጥሮ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ከፊሉ ፀጉሯ ላይ፣ ከፊሉ ትናንት አጥባ በሰቀለችው መጋረጃ ላይ አረፈ። ከኩሽናው በር አጠገብ ተቀምጠው ሮማን የሚፈለፍሉት አክስቷ ጁሪያ ቀና ብለው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እኔ የማውቀው በአዲስ ዓመት ማታ ባሮ ሽንኩርት በልተን ጠላቶቻችን ይቆረጡ ስንል ነው» አሉ። «ግድግዳችን ይቀባ የሚባልበት ዓመት መጣ እንዴ?»

«እትዬ፣ ዛሬ አይቀልዱብኝ። ፀሐይዋ እየወረደች ነው።»

«እኔ ምን አልኩ? ቀለሙ ያምራል።»

ዘሃቫ የቀረውን በማንኪያ ጠራርጋ መለሰችና ክዳኑን በመዳፏ ተጭና እንደገና ፈጨችው። እውነቷን ነበር፤ ጊዜ አልነበራትም። ከማለዳ ጀምሮ ኔታንያ ከተማ ገበያ ውስጥ በአባቷ በፍራጂ ሱቅ ቆማ ስትመዝን ነው የዋለችው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ የፍራጂን ወይራና ኮምጣጤ የነካውን ነገር ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ጎምዛዛ በልቶ ዓመቱን የሚጀምር የሊቢያዋ ትሪፖሊ አይሁዳዊ እስካሁን አልተወለደም። ቴምሩ ግን እንደ ጉድ ይሸጣል። ሻማ ከተለኮሰ በኋላ ደግሞ ኤሌክትሪክ አይነካም፤ ስለዚህ አባቷ ዛሬ ማታ የሚቀምሱት ሁሉ አሁኑኑ ተፈጭቶ ማለቅ ነበረበት።

ፍራጂ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሐምሌ ላይ ሱቃቸውን ከፍተው ሚዛኑን ሲወለውሉ ግማሽ አካላቸው ከዳቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ሄዱ፣ ንግግራቸው ሄደ፣ የመዋጥ ኃይላቸውም ተዳከመ። የክሊኒኩ ነርስ ዘሃቫን አስቀምጣ እንደ ተማሪ አስጠናቻት። ምግቡ ሁሉ እንደ ገንፎ ይላም፣ ቅርፊትም ፍሬም አይኑረው፣ ውሃው እንኳ በማወፈሪያ ዱቄት ይወፍር፤ አለዚያ ትን ብሏቸው ሳንባቸው ውስጥ ይገባል። ዘሃቫ አንዷንም አልረሳችም። መጀመሪያ ላይ አባቷ ይውጡላት ነበር። እየቆዩ ግን አፋቸውን ዘጉ። ማንኪያው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። በልምምጥ ሁለት ሦስቴ ይቀምሱና በቃ፣ እሱው ነው። ሸሚዛቸው አሁንም መስቀያ ላይ ያለ እስኪመስል ድረስ ከስተዋል።

በዓሉ ሲያልፍ፣ ሐሙስ ቀን፣ ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው። ሐኪሙ የተናገረው ግልጽ ነው፤ መብላት ካልጀመሩ ሆዳቸው ላይ ተቀዶ የምግብ ቱቦ ይገባል። ታላቅ ወንድሟ ቪክቶር «ይግባ» ብሏል። ለዘሃቫ ግን አልተዋጠላትም። ቱቦ ገብቶላቸው ዓመታት የኖሩ ሰዎች እንዳሉ አላጣችውም፤ አባቷን ግን ከዚያ በላይ ታውቃቸዋለች። ከማዕድ ከተነሱ ከዚህ ዓለምም ይነሳሉ ብላ ፈርታለች። ባለፈው ሳምንት በስልክ ሲጨቃጨቁ፣ «የአዲስ ዓመትን ማዕድ አባዬ እምቢ አይልም። እምቢ ካለ እኔም አልከራከርህም፣ ሐሙስ አብሬህ እሄዳለሁ» ብላ ለወንድሟ ቃል ገባች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

«አሁን ደግሞ ምን ጨመርሽበት?» ጁሪያ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ማር።»

«ባሮ ሽንኩርት ላይ?»

«ዱባውም ላይ፣ ቆስጣውም ላይ። ዓመቱ ይጣፍጥለት ብዬ ነው።»

«ወንድሜ ማር ወዶ አያውቅም። ልጆች ሳለን የሱን ድርሻ እኔ ነበርኩ የምልስለት።» ጁሪያ ተነስተው ሳህኖቹን አንድ በአንድ ጎበኙ። አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ፣ ቡናማ። «ይሄ ምግብ ነው ወይስ የበር ቀለም?»

አሮጊቷ የወንድማቸውን ልጅ ፊት አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይበላል የኔ እናት። በዓል አይደል? ይበላል።»

ቪክቶር ከሚስቱ ከኢሪት ጋር ሲደርስ ፀሐይዋ ባሕሩን ልትነካ ምንም አልቀራትም። ቪክቶር የወለል ንጣፍ ነጋዴ ነው፤ ትልቅ ሰውነት፣ ትልቅ ድምፅ አለው፤ እዚህ ቤት ሲገባ ግን ከሐምሌ ወዲህ ድምፁን ደጅ ትቶ ነው የሚገባው። አባቱን ግንባራቸውን ሳመና በፎይል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወደ ኩሽና መጣ። ጁሪያ ተቀብለው ፈቱት። ከዚያ እንደ እሳት ለቀቁት።

«ይሄ ምንድነው?»

«የዓሣ ራስ ነው እትዬ።»

«የበጉ ራስ የታለ? ራስ እንጂ ጅራት አንሁን የምንለው በዚህ ነው? እዩት፣ እዩት እንዴት እንደሚያፈጥብኝ!»

«ኢሪት የበግ ራስ መኪናው ውስጥ ከገባ እኔ አልገባም አለች። ምን ላድርግ? ራስ ራስ ነው።»

«ሳንባ ያለው ዓሣ ብታገኝ ኖሮ እሱንም ታመጣው ነበር። ደግነቱ ለምርቃቱ የሚቀርበውን የበግ ሳንባ እኔ ነኝ የገዛሁት።»

ኢሪት ከበስተኋላ ሆና ሳቀች። ወላጆቿ ከፖላንድ የመጡ ናቸው። ለእነሱ ቤት አዲስ ዓመት ማለት ፖምና ማር ነው፤ ሌላው ሁሉ ጣጣ ነው። እዚህ ከተዳረች ጀምሮ ፖሟን ትበላለች፤ ሳንባው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ «ትንሽ አየር ልውሰድ» ብላ በረንዳ ላይ ትቆማለች። ማንም ተቀይሟት አያውቅም፤ ጁሪያ ግን በየዓመቱ ሳይተርቧት አይቀሩም።

ሁለቱ እህትማማች ይመስል ኢሪትና ጁሪያ ተያይዘው ጠረጴዛውን ሊያሰናዱ ሲወጡ፣ ቪክቶር የተደረደሩትን ሳህኖች እያየ ቆመ።

«ዘሃቫ፣ ያልሽውን ታስታውሻለሽ አይደል?»

«አስታውሳለሁ።»

«እኔ እኮ ጠላቱ አይደለሁም። ሰውዬው እያየሁት እየሟሸሸ ነው። አንቺ አብረሽው ስለምትውዪ አይታይሽም። እኔ በሳምንት አንዴ ስመጣ ነው የምደነግጠው።»

«እኔ ነኝ የማይታየኝ? ቀበቶውን አዲስ ቀዳዳ እየበሳሁ የማስርለት እኔ!»

ቪክቶር ጨርቅ አነሳና ግድግዳው ላይ የደረቀውን ባሮ ሽንኩርት ይጠርግ ጀመር። ዘሃቫ ጀርባውን አየች። ልክ እንደ አባታቸው ነው፤ ሲከፋው ሥራ ይፈልጋል። አዘነችለት፤ ግን እንዳዘነችለት ልትነግረው አልቻለችም።

ሻማው ተለኮሰ፣ ቪክቶር ከምኩራብ ተመለሰ፣ ሁሉም ተቀመጡ። ፍራጂ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፂማቸው ተላጭቶ፣ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ጠረጴዛው ራስጌ ላይ ናቸው። በስተግራቸው ጁሪያ፣ ቀጥሎ የዘሃቫ ልጅ ኖያ፣ ፊት ለፊት ቪክቶርና ኢሪት። በስተቀኛቸው ያለው ወንበር የባለቤታቸው፣ የነዘሃቫ እናት የመሳኡዳ ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ማንም አይቀመጥበትም። ዛሬ ግን ለማጉረስ የሚመቸው እሱ ስለሆነ፣ ዘሃቫ ሳህኖቿን፣ ማንኪያዋንና ፎጣዋን ይዛ እዚያ ተቀመጠች።

ቪክቶር ወይኑን ባረከ። ዘሃቫ በዱቄት የወፈረውን ወይን ወደ አባቷ ከንፈር አስጠጋች። ከንፈሩ አልተላቀቀም፤ ወይኑ በአገጫቸው ወርዶ ነጩ ሸሚዝ ላይ ተንጠባጠበ። ማንም እንዳላየ ሆነ።

ቀጥሎ የየምግቡ ምርቃት ነው፤ መጀመሪያ ቴምር። ቪክቶር መጽሐፉን ከፍቶ አነበበ። የአባቱን ዜማ ለመያዝ ሞከረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ጠፋበትና እንዲሁ በንባብ ጨረሰው።

«…ጠላቶቻችንና ክፋታችንን የሚሹ ሁሉ ይጥፉልን።»

«አሜን» አሉ ሁሉም።

ቪክቶር ሳህኑን ሊያዞር ሲል ዘሃቫ እጇን አነሳች። «ቆይ፣ መጀመሪያ አባዬ።» በወጉ ታላቅ ሳይቀምስ ታናሽ እጁን አይሰድም፤ ደግሞም ከሐምሌ ጀምሮ እንዲሁ ነው ሲደረግ የቆየው። ቅድሚያ ፍራጂ ይመገባሉ፣ ፎጣ ይታሰርላቸዋል፣ የቤቱ ሰው ከብቦ ያያል፣ ከዚያ ሌላው በየተራው ይበላል። ዘሃቫ የላመውን ቴምር በማንኪያ ጫፍ ወሰደች።

«አባዬ፣ ቴምር ነው። ከራስህ ሱቅ ያመጣሁት ነው። ትንሽ ብቻ።»

ፍራጂ ፊታቸውን አዞሩ።

«ለበዓሉ ብለህ። ለእኔ ብለህ።»

በደህናው በግራ እጃቸው ማንኪያውን ገፉት። ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ ወደቀና ነጩን ጨርቅ አቆሸሸ። ኖያ ዓይኗን ወደ ሳህኗ ሰበረች። ዘሃቫ ቀና ስትል ወንድሟ እያያት ነበር። ያሸነፈ ሰው ዓይን አልነበረም። ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል፤ ይሄ ደግሞ ይብስባታል። አለቀ፣ አለች በልቧ። ሐሙስ እንሄዳለን።

ማንኪያውን አንስታ ጨርቁን ስትጠርግ የአባቷ ግራ እጅ ጠረጴዛው ላይ እየተጎተተ ሲሄድ አየች። ጣቶቻቸው ወደ ሙሉው ቴምር ሳህን እየቀረቡ ነው። ፍሬው ያልወጣ፣ ልጣጩ የጠነከረ ቴምር። ደነገጠችና ሳህኑን ሳብ አደረገችው።

ፍራጂ ጠረጴዛውን መቱት። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ከጉሮሯቸው የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረውም፤ ቁጣ ግን ነበረው። ለሳምንታት እንኳን ተቆጥተው፣ አዝነውም አላዩአቸውም ነበር።

«ስጪው» አሉ ጁሪያ።

«እትዬ፣ ትን ይለዋል! ነርሷ እኮ…»

«ስጪው አልኩሽ! ዓይኑን አታዪም?»

ዘሃቫ ሳህኑን መልሳ አስጠጋችው፤ ግን እጇን ከአባቷ እጅ አላራቀችም። ወደ አፋቸው ከወሰዱት ቀድማ ልትይዘው ተዘጋጅታለች። ፍራጂ አንድ ቴምር አነሱ። ወደቀባቸው። ሌላ አነሱ። ዕድሜ ልካቸውን ቀኝ እጅ የለመደውን ሥራ ግራ እጅ ሲማረው አሳር ነው። ቴምሩን ጠረጴዛው ላይ ተጭነው በአውራ ጣታቸው ሰነጠቁት፤ ፍሬውን ገፍተው ገፍተው አወጡት። ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ ቴምሩን ይዘው ክንዳቸውን አነሱ፤ ዘሃቫም አንጓቸውን ልትይዝ እጇን ሰነዘረች። የአባቷ እጅ ግን ወደ ራሳቸው አልሄደም። ወደ እሷ አፍ ነው የመጣው።

«አይ አባዬ፣ አንተ ብላ እንጂ። እኔ ምን ያደርግልኛል?»

እጁ አልወረደም። አየር ላይ ቆመ።

«ክፈቺ እንጂ አፍሽን፣ አንቺ ልጅ!» ጁሪያ ጮሁ። «የሚያጎርስ እጅ ተንጠልጥሎ ይቀራል እንዴ?»

ዘሃቫ አፏን ከፈተች። ቴምሩ የአባቷን ጣት ይዞ ገባ፤ ጣታቸው ያው የወይራና የበርበሬ ጠረን አለው፣ ሁለት ወር ሙሉ ሱቁን ሳይረግጡም አልለቀቀም።

እያኘከች ነው ሁሉም ነገር የገባት። በዚህ ሌሊት፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ የመጀመሪያው ቴምር ምንጊዜም ከፍራጂ እጅ ወደ እናቷ አፍ ነበር የሚሄደው፤ እሷ አሁን የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ወደሚቀመጡት ወደ መሳኡዳ። ቀጥሎ ለእህታቸው፣ ለልጆቹ፣ ለምራቲቱ፣ ለመጣው እንግዳ። እሳቸው የሚቀምሱት ሳህኑ ሊያልቅ ሲል፣ ሌላው ሁሉ እያኘከ ሳለ ነው። የበዓሉ ብቻም አልነበረም። ገበያ ውስጥ ምሳቸውን ሲፈቱ መጀመሪያ ለጎረቤታቸው ለጎመን ሻጩ ይቆርሱለታል። ቤት ውስጥም ለሁሉም ካልቀረበ ማንኪያ አያነሱም ነበር፤ መሳኡዳ «ይሄ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቀዝቃዛ ሾርባ ሲጠጣ ኖረ» እያሉ ያማርሩ ነበር። ሁሉም ያውቁታል። ሁልጊዜ ስላዩት ግን ማንም ልብ አላለውም። አባት ሲታመም፣ ማጉረስ ለልጅ፣ መጉረስ ለአባት መስሏቸው ቁጭ አሉ።

እሷ ደግሞ ያከበረቻቸው መስሏት በየቀኑ ፎጣ አስራ፣ ከሰው ሁሉ አስቀድማ፣ ብቻቸውን ታበላቸዋለች። አፈረች። እሪ ብላ ማልቀስ አማራት፤ ግን አፏ ሙሉ ነበር።

ፍራጂ ሁለተኛውን ቴምር ለእህታቸው አጎረሱ። ጁሪያ አላምጠው ሳይጨርሱ፣ «አንድ ያጣላል፣ ድገመኝ!» አሉና ደገሟቸው። ኖያ ተራዋ ሲደርስ፣ «አያቴ፣ ፍሬውን አላወጣህልኝም!» ብላ በሳቅ ፈነዳች። ቪክቶር ከማዶ ተነስቶ ዞሮ መጣ፤ ያን የሚያህል ሰውዬ ወንበሩ አጠገብ ተንበረከከ። አባቱ ቴምሩን አጎረሱትና በቴምር የተለወሰ እጃቸውን ጉንጩ ላይ ትንሽ አቆዩት። ቪክቶር እያኘከ አለቀሰ፤ እንባውን ለመደበቅም አልሞከረም።

ኢሪትም ከጎረሰች በኋላ ፍራጂ ዙሪያቸውን አዩ። የሁሉም መንጋጋ ይንቀሳቀሳል። በረጅሙ ተነፈሱ፤ ወደ ዘሃቫ ዞሩ። አፋቸውን ከፈቱ።

ዘሃቫ የላመውን ቴምር ሰጠቻቸው። አምስት ሰው የአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ አፈጠጠ። ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ። ዋጡ።

«እሰይ!» አሉ ጁሪያ። «ድገሚው፣ እሱንም አንድ ያጣላዋል።»

ከዚያ በኋላ ያለው ማዕድ እንደ ሌላው ዓመት ቶሎ አላለቀም። ቆስጣው፣ ዱባው፣ አደንጓሬው፣ አንድ ሳይቀር በፍራጂ ግራ እጅ በኩል አለፈ። የጠረጴዛው ጨርቅ ሰባት ዓይነት ቀለም ያዘ። ቪክቶር ምርቃቱን ያነባል፣ ፍራጂ ያጎርሳሉ፣ ሁሉም ካኘከ በኋላ ዘሃቫ ማንኪያዋን ታነሳለች። ማር የገባበት ባሮ ሽንኩርት ሲደርሳቸው ፊታቸውን ክፉኛ አጨማደዱት፤ «ነግሬሽ ነበር!» አሉ ጁሪያ፤ ቢሆንም ዋጡት። አንድ ጊዜ አሳላቸው። ሁሉም እንደ ሐውልት ደርቆ ጠበቀ። ሳሉ ሲያልፍ ቪክቶር ድምፁን አገኘና፣ «ቀስ በይ ዘሃቫ፣ ቀስ» አላት፤ እሷም አልተቆጣችውም።

ሳንባው ሲወጣ ኢሪት እንደ ልማዷ አየር ልትወስድ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ሳትነሳ ግን የፍራጂ እጅ አንዲት ቁራጭ ይዞ ጠረጴዛውን አቋርጦ ከፊቷ ቆመ። ኢሪት ባሏን አየች። ባሏ ጣሪያውን አየ። ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች።

«ዓይንሽን ግለጪ!» አሉ ጁሪያ። «ኮሶ አይደለም የሰጠሽ!»

ኢሪት እንባ በእንባ ሆና ስትስቅ፣ በዚያ ቤት ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ ተስቆ አያውቅም። የዓሣው ራስ በመጨረሻ ሲቀርብ ፍራጂ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ልጃቸውን ተመለከቱ። ደህናው የከንፈራቸው ጫፍ ወደ ላይ ተሳበ። ዓይኑን ፈልፍለው ለቪክቶር አጎረሱት።

የበሉት ብዙ አልነበረም። ዘሃቫ ሳህኖቹን ስታነሳ ከእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ማንኪያ ብቻ ነው የጎደለው። ባለፈው ሳምንት ሁሉ ከበሉት ግን ይበልጣል። ወንድምና እህት ኩሽና ውስጥ ተገናኙ፤ ስለ ሐሙስ ግን አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም። ዘሃቫ በዚያ ሌሊት ከስንት ጊዜ በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ተነሳች። የትናንቱን ዱባ፣ ማር ያልነካውን ድርሻ፣ ከዋዜማ ጀምሮ እንደበራ ባደረው ምድጃ ጥግ ላይ አሙቃ በሹካ ደህና አድርጋ አላመችው። አባቷን አጥባ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የቡና ሽታ እንኳ የለም። በአዲስ ዓመት ጠዋት ቀንደ መለከት ተነፍቶ ሳይሰማ በዚህ ቤት ውሃም በአፍ አይዞርም፤ ለሕፃንና ለበሽተኛ ካልሆነ። ዘሃቫ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድም ዓመት አፍርሳው አታውቅም። ኖያን አርግዛ እንኳ፣ ራሷን እያዞራት፣ ምኩራብ ቆማ ጠብቃለች።

«እንዴት አደርክ አባዬ? ማታ ጎበዝ ነበርክ። በል እንግዲህ።»

ማንኪያውን አስጠጋች። የአባቷ ከንፈር ተዘጋ።

«አባዬ፣ ማር የለበትም። ዱባ ብቻ ነው።»

ፊታቸውን አላዞሩም። ግን አልከፈቱም። የማታው ለበዓል የተደረገ ብቻ ነበር ማለት ነው? ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለራት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ከየት አመጣለሁ? ሁሉም ዛሬ ማታ ይበላና ነገ፣ በዓሉ ሲያልፍ ወደየቤቱ ይሄዳል። ሐሙስ ግን የትም አይሄድም፣ እየመጣ ነው።

ከኋላዋ የበሩ ወለል ሲጢጥ አለ። ቪክቶር ነጭ ለብሶ፣ የጸሎት መጎናጸፊያውን ቦርሳ በብብቱ ይዞ ቆሟል።

«እምቢ አለ?»

ዘሃቫ አባቷን እያየች ነበር። እሳቸው ደግሞ ማንኪያውን አይደለም የሚያዩት። የሷን አፍ ነው የሚያዩት።

ማንኪያውን ቀስ ብላ አዞረችና እጀታውን በግራ እጃቸው አስያዘቻቸው። ፍራጂ ሳህኑ ውስጥ ነከሩት። ግማሹ ንጹሑ ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹ ማንኪያው ላይ ቀረ። እያንቀጠቀጡ ወደ ልጃቸው አነሱት።

«ዘሃቫ» አለ ቪክቶር ዝግ ብሎ። «ቀንደ መለከቱ ገና እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

በተከፈተው መስኮት ከምኩራቡ የማለዳው ዜማ ይሰማል። ዘሃቫ ወንበሯን ወደ አባቷ አስጠጋችና አፏን ከፈተች።